የድባቴ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ፦ ከመጀመሪያዋ እንክብል እስከ መጨረሻዋ

ማዘዣውን አጣጥፎ ይይዘዋል። ወረፋው እስኪያልቅ ዳር ላይ ይቆማል። ሰው ሲሳሳ ጠጋ ብሎ ወረቀቱን በመስኮቱ ያሾልከዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ነገር ሱስ ያስይዛል እንዴ?» ይለኛል።

ፋርማሲ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ሰው በብዙ መልክ አግኝቼዋለሁ። አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሌላ ቀን የአራት ልጆች እናት ናት። ሌላ ቀን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁሉም የድባቴ መድኃኒት ታዞላቸዋል። ሁሉም ፈርተዋል።

ለሁሉም የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ይህ መድኃኒት ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ሲወጣም ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። እኔ እንዳየሁት ሰው የሚጎዳው እነዚህ ሁለት በሮች ላይ ነው። ሲጀምር በአሥረኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ወይም ሲሻለው በአንድ ጊዜ ያቋርጠዋል። መሀል ያለው መንገድ ያን ያህል አያስቸግርም።

የሱሱን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ። ሱስ የያዘው ሰው መጠኑን እየጨመረ ይሄዳል፣ ሲያጣ ሀራራው ያሳድደዋል። የድባቴ መድኃኒት እንዲህ አያደርግም። ሰውነት ግን ይለምደዋል፤ በድንገት ሲቋረጥበትም ይረበሻል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዲያዚፓም ግን ሌላ ነው። ሐኪም ለጭንቀት ወይም ለእንቅልፍ ለጥቂት ሳምንት ቢያዝላችሁ፣ ከዚያ በላይ በራሳችሁ አታስቀጥሉት። እሱ በእርግጥም ሱስ ያስይዛል።

በአገራችን ጤና ተቋማት በብዛት የምናያቸው ሦስት ናቸው፦ ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊን እና አሚትሪፕቲሊን። የምጽፈው እነሱን እያሰብኩ ነው። መጠን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። እኔ የማሳያችሁ በሁለት ቀጠሮዎች መሀል፣ ቤታችሁ ውስጥ፣ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ነው።

አንደኛ፦ ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ

ውጭ ብዙ ሰው ተራ ይጠብቃል። ሐኪሙም ሊቸኩል ይችላል። ስለዚህ መናገር የምትፈልጉትን ከቤት ጽፋችሁ ሂዱ። ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ፓኬቱን ራሱን በፌስታል ይዛችሁ ግቡ። «አንዲት ነጭ ክኒን ናት» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም።

ከሁሉም በፊት ይህን አንሡ። በሕይወታችሁ የድባቴ ተቃራኒ የሆነ ጊዜ ገጥሟችሁ ያውቃል? ለቀናት ሳትተኙ ድካም ያልተሰማችሁ፣ ሐሳባችሁና ንግግራችሁ የፈጠነ፣ ገንዘብ ያለ ልክ የበተናችሁበት፣ የሚያውቃችሁ ሰው «ምን ነክቷት ነው?» ያለበት ጊዜ? ከቤተሰብስ እንዲህ የሆነ ሰው አለ? ካለ፣ ሕመሙ ባይፖላር ሊሆን ይችላል። ባይፖላር ላለበት ሰው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ከተሰጠ ወደዚያኛው ጫፍ ሊገፋው ይችላል። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሲከፋው ነው፤ ያን የሞቅታ ጊዜ እንደ ሕመም ስለማይቆጥረው አያነሳውም። እናንተ ግን ባትጠየቁም ተናገሩት።

ሌሎቹ እነዚህ ናቸው። የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ የሚጥል በሽታ ካለባችሁ፣ የዓይን ግፊት ወይም የፕሮስቴት ችግር ካለባችሁ ንገሩ፤ በተለይ ለአሚትሪፕቲሊን ይህ ወሳኝ ነው። የኤችአይቪ ወይም የቲቢ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ንገሩ። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ይህን በግልጽ ትናገር፤ ፍሉኦክሴቲን የታሞክሲፈንን ሥራ ያዳክመዋልና ሐኪሙ ሌላ ይመርጣል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ልታረግዙ ካሰባችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነም እንዲሁ። ይህ ማለት መድኃኒት የለም ማለት አይደለም። ለምታጠባ እናት ሰርትራሊን ብዙ ጊዜ ቀዳሚ ምርጫ ነው። መድኃኒት እየወሰደች ያረገዘች ሴት ግን ደንግጣ በዚያው ቀን ማቋረጥ የለባትም። መጀመሪያ ሐኪሟን ታግኝ።

ስለ ጫትና ስለ መጠጥ እውነቱን ተናገሩ። ሐኪሙ የሚጠይቀው ሊፈርድባችሁ አይደለም።

መኖር ካስጠላችሁ፣ ራሳችሁን ለማጥፋት አስባችሁ ካወቃችሁ፣ ይህንንም በግልጽ ተናገሩት። ቃሉ ከአፍ ለመውጣት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ሐኪሙ ይህን ሲያውቅ የሚመርጠው መድኃኒት ይለያል፣ በአንድ ጊዜ የሚያዝላችሁ ብዛት ይቀንሳል፣ ቀጠሮውንም ያቀርበዋል።

ከመውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቃችሁ ጻፉ፦ የመድኃኒቱን ስም፣ በቀን ስንትና በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ፣ መሀል ላይ ችግር ቢገጥማችሁ ለማን እንደምትደውሉ።

ሁለተኛ፦ መስኮቱ ላይ

ፓኬቱን እዚያው አንብቡ። ፓኬት ላይ ሁለት ስም አለ። አንዱ ፋብሪካው የሰጠው የንግድ ስም ነው፤ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ሌላው፣ ብዙ ጊዜ በትናንሽ ፊደል የተጻፈው፣ የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው። ደብተራችሁ ላይ የምትጽፉት ይህን ሁለተኛውን ነው። ፕሮዛክ ማለት ፍሉኦክሴቲን ነው፤ ዞሎፍት ማለት ሰርትራሊን ነው። ባለፈው ወር ሰማያዊ ካርቶን፣ በዚህ ወር አረንጓዴ ካርቶን ቢሰጣችሁ ወዲያው አትደናገጡ። ስሙና ሚሊግራሙ አንድ ከሆነ መድኃኒቱ ያው ነው። ሚሊግራሙ ከተለየ ግን አንድ እንክብል ሳትውጡ ጠይቁ። አንዲት እናት የ25ቱ አልቆ የ50 ሚሊግራም ሰርትራሊን ተሰጥቷቸው እንደ ድሯቸው ሁለት ሁለት ሲውጡ አገኘኋቸው። «የድሮው መስሎኝ» አሉኝ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ የሰጣቸው ሰው አስረግጦ ሊነግራቸው ይገባ ነበር።

የጊዜ ማብቂያውን እዩ። ከሱቅ ወይም በእጅ ከሚሸጥ ሰው አትግዙ። ጎረቤት ተርፎኛል ብሎ የሚሰጣችሁንም አትቀበሉ።

መድኃኒቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ። ይህን አጥብቄ የምለው ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ነው። አዲስ አበባ ላይ የጤና ተቋማችሁ ፋርማሲ ከሌለው ከነማ ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲ ጠይቁ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ደግሞ ወደ ከተማ የሚወጣ ዘመድ ካለ የማዘዣውን ፎቶ ቀድማችሁ ስጡት። የትም ከጠፋ ሐኪማችሁ በሌላ ይቀይርላችኋል። በራሳችሁ ግን «ይሄም ለድባቴ ነው» ተብሎ የተሰጣችሁን አትተኩ።

ሦስተኛ፦ ሰዓቱን ከልማዳችሁ ጋር እሰሩት

ፍሉኦክሴቲን ብዙ ጊዜ በ20 ሚሊግራም፣ ጠዋት ይጀመራል። የሚያነቃ ስለሆነ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ሊከለክል ይችላል። ሰርትራሊን ጠዋትም ማታም ይሆናል። አሚትሪፕቲሊን ያስተኛል፤ ስለዚህ የሚወሰደው ማታ ነው። ስልክ ላይ ማስታወሻ መሙላት ጥሩ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር ማያያዝ ነው። ጠዋት ፊት ከታጠባችሁ በኋላ፣ ወይም ማታ በር ስትቆልፉ። ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳሉ፤ የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ምግብ ቀመስ አድርጉ።

ጾም ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው «ውኃ ስለማልቀምስ ለ55 ቀን ላቁመው» ብሎ ይወስናል። ማቆም አያስፈልገውም። የሚወሰደው በቀን አንዴ ነው። ሰዓቱን ጾሙ ከሚፈታበት ጋር ማድረግ ይቻላል። ፍሉኦክሴቲን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት የሚፈጅ መድኃኒት ስለሆነ የጥቂት ሰዓት መዘግየት አያናጋውም። የሕሙማንን ነገር ለንስሐ አባታችሁ አንሡ፤ ብዙዎቹ አባቶች «መድኃኒትህን ውሰድ» ነው የሚሉት። በረመዳን ደግሞ የጠዋቱን በሱሁር፣ የማታውን አሚትሪፕቲሊን ከኢፍጣር በኋላ ሊተኙ ሲሉ መውሰድ ይቻላል። አሚትሪፕቲሊን አፍ ስለሚያደርቅና ሆድ ስለሚያስር ሌሊቱን ውኃ በደንብ ጠጡ። ከድባቴ መድኃኒት ጋር ስሜት የሚያረጋጋውን ሊቲየም የምትወስዱ ካላችሁ ግን ይህ ምክር ለእናንተ አይበቃም። ውኃ ሲጎድል ሊቲየም በደም ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። ከጾሙ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ውጭ አገር ያሉ እናትና አባት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጠርሙሱ ላይ ጠዋት 8 ሰዓት የሚል ታትሞ ይመጣል። ለእናታችሁ 8 ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑን በትልቁ ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፉላቸው። አሜሪካ ያላችሁ ሆስፒታል ውስጥ በነፃ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ። የልጅ ልጃቸው ባያስተረጉምላቸው ይሻላል። ማንም አያት «መኖር ሰልችቶኛል» የሚለውን በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አፍ አያስነግርም።

አንድ ቀን ከረሳችሁ፣ በዚያው ቀን ትዝ ሲላችሁ ውሰዱ። ያደረ ከሆነ ይለፍ፤ በቀጣዩ ሰዓት የተለመደውን አንድ ብቻ ውሰዱ። ለማካካስ ሁለት አትዋጡ። የማታ አሚትሪፕቲሊን ረስታችሁ ካነጋችሁ ጠዋት አትውሰዱት፤ ቀኑን ሙሉ ሲያፈዛችሁ ይውላል።

ቤት ውስጥ ልጅ ካለ መድኃኒቱ ቁልፍ ያለው ቦታ ይቀመጥ። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ ብዛት እንኳ ሕፃን ልጅን ሊገድል ይችላል። ቦርሳ ውስጥ፣ ራስጌ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር አታስቀምጡ።

አራተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

አብዛኛው ሰው የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ ግፍ ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ጥቅሙ ዘግይቶ።

ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ሲጀመሩ ሊያቅለሸልሹ፣ ሆድ ሊያላሉ፣ ራስ ሊያሳምሙ፣ እንቅልፍ ሊያውኩ ይችላሉ። እጅ የሚንቀጠቀጥበት፣ ላብ የሚያልበው ሰው አለ። ጭንቀት ያለበት ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱ ሊብስበት ይችላል። ይህን ቀድሞ ያልተነገረው ሰው «መድኃኒቱ አሳበደኝ» ብሎ ይወረውረዋል። የተነገረው ሰው ግን ጥርሱን ነክሶ ያልፈዋል፤ አብዛኛው በአንድና በሁለት ሳምንት ይረግባልና። በጣም ከከበዳችሁ ለሐኪሙ ደውሉ፤ መጠኑን ዝቅ አድርጎ ቀስ እያለ ሊጨምርላችሁ ይችላል።

አሚትሪፕቲሊን ሌላ ጠባይ አለው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያስራል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ሽንት ሊከለክል ይችላል። ከተኛችሁበት ብድግ ስትሉ ያዞራል። ስለዚህ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀመጡ፣ ከዚያ ተነሡ። አዛውንቶች ሌሊት ለሽንት ሲነሡ የሚወድቁት እንዲህ ነው። ለሆድ ድርቀት ውኃ፣ ጎመን፣ ተልባ ይረዳል። ሹፌሮች፣ ባጃጅ የምትነዱ፣ ማሽን ላይ የምትሠሩ፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚያደርጋችሁ እስክታውቁ ድረስ ከመሪው ራቁ።

ማንም የማያነሳውን ደግሞ እኔ ላንሳው። እነዚህ መድኃኒቶች የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንሱ፣ እርካታንም ሊያዘገዩ ይችላሉ። ወንዱም ሴቷም ላይ ይደርሳል። ሰው አፍሮ ዝም ይላል፣ ቤት ውስጥ ጥርጣሬ ይገባል፣ በመጨረሻ ማንንም ሳይጠይቅ ያቋርጠዋል። ሐኪሙ ይህን በየቀኑ ይሰማዋል። መጠን በመቀነስ ወይም መድኃኒት በመቀየር መፍትሔ አለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ተናገሩት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ድባቴ ሰውን ሲይዘው ጉልበቱንም ይወስድበታል። መድኃኒቱ መሥራት ሲጀምር አንዳንዴ ጉልበት ከስሜት ቀድሞ ይመለሳል። ሰውየው አሁንም ተስፋ የለውም፣ ግን መነሣት ችሏል። በተለይ ወጣቶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ መጠን ሲቀየርም፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ለልጆችና ለታዳጊዎች ከባዱን ማስጠንቀቂያ ፓኬቱ ላይ ያስጻፈው ለዚህ ነው፤ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ላሉት አሰፋው። ማስጠንቀቂያው አትውሰዱ ማለት አይደለም። ብቻችሁን አትጀምሩ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ምረጡ። እናት፣ እህት፣ የትዳር አጋር፣ ወይም አንድ ሚስጥር የሚጠብቅ ጓደኛ። «መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ቢያንስ ለወር ያህል በየቀኑ ደውልልኝ» በሉት። እናንተ ያ የተመረጣችሁት ሰው ከሆናችሁ የምታዩት ይህን ነው፦ እንቅልፍ ጨርሶ መጥፋት፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አለመቻል፣ ድንገተኛ ቁጣ፣ ዕቃ ማከፋፈል፣ የስንብት የሚመስል ንግግር። በግልጽ ጠይቁ፤ «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ መድኃኒቶቹን ከአጠገቡ አንሡ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። አሜሪካ 988፣ እስራኤል 1201፣ እንግሊዝ 116 123 ይደወላል።

ሌሎች የማያስጠብቁ ምልክቶች፦ ሰውነት ላይ ሽፍታ ወይም የፊት እብጠት፣ ራስን መሳት፣ የልብ ምት መዛባት፣ ሽንት ጨርሶ እምቢ ማለት፣ ጥቁር ሰገራ። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች፣ በተለይ የደም ግፊት ውኃ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ፣ ድንገት ግራ ከተጋቡና ከዛሉ የደም ሶዲየማቸው ወርዶ ሊሆን ይችላል። «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። አዲስ ወይም ያልተለመደ ጉዳት ከገጠማችሁ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ማሳወቅም ትችላላችሁ።

አምስተኛ፦ ጠብቁ፣ እየጻፋችሁም ጠብቁ

ለውጡ በደንብ የሚታወቀው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አንዳንዱ ላይ እስከ 8 ሳምንት ይሄዳል። እንደ ፓራሲታሞል አይደለም።

የድባቴ መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘውም በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ ውስጥ ኢፕሮኒያዚድ የሚባል የቲቢ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕሙማን ስሜታቸው ተነቃቃ። ሐኪሞቹ ለሳንባ የሰጡት መድኃኒት ስሜት ላይ ሲሠራ አዩ። የዛሬዎቹ ከዚያ በብዙ የተሻሉና የተጠበቁ ናቸው። አንድ ጠባይ ግን አሁንም አብሯቸው አለ፤ አእምሮ ውስጥ ያለውን ኬሚካል በሰዓታት ውስጥ ይለውጡታል፣ ሰውየው የሚሻለው ግን በሳምንታት ነው።

አንድ ትንሽ ደብተር ግዙ። ማታ ማታ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ለስንት ሰዓት ያህል ተኛችሁ፣ በላችሁ ወይ፣ ዛሬ ምን ሠራችሁ። ስሜታችሁን ባትጽፉም ይሁን። ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው መሻሉን ራሱ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ተማሪ በአምስተኛው ሳምንት መጥቶ «ምንም አልሠራልኝም» አለኝ። ደብተሩን ከፈትነው። በመጀመሪያው ሳምንት በሌሊት ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር የሚተኛው፤ አሁን ለስድስት። ፀጉሩን ተስተካክሏል። እናቱ ጋ ደውሏል። ዝም ብሎ ገጾቹን ሲያገላብጥ ቆየ።

በስድስተኛው ሳምንት በእርግጥ ምንም ለውጥ ከሌለ ሐኪሙ መጠን ይጨምራል ወይም ይቀይራል። የመጀመሪያው መድኃኒት ለሁሉም አይሠራም። ይህ የእናንተ ድክመት አይደለም። ከመድኃኒቱ ጎን የምክር አገልግሎት ማግኘት የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ አንድ ላይ ከአንዱ ብቻ ይሻላሉ።

ስድስተኛ፦ አብረው የማይሄዱ

በጣም የምፈራው ትራማዶልን ነው። ለሕመም ማስታገሻ ይታዘዛል፣ ያለ ማዘዣም እየተገዛ የሚወሰድበት ቦታ አለ። ከድባቴ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ለሚጥልም ያጋልጣል። ምልክቱ ትኩሳት፣ ከባድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገታተር፣ ተቅማጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መቀበዣበዝ ነው። እነዚህ አንድ ላይ ከታዩ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኒዞሊድም፣ ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕም ይህን ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ለጉንፋን እንኳ ፋርማሲ ስትገቡ «የድባቴ መድኃኒት እወስዳለሁ» ብላችሁ ጀምሩ።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን እና አስፕሪን ከፍሉኦክሴቲን ወይም ከሰርትራሊን ጋር የጨጓራ መድማትን ይጨምራሉ። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የምትወስዱ ሐኪማችሁ ሳያውቅ አትጀምሩ።

መጠጥ የድባቴውን ሥራ ይሠራል። ጠላም ሆነ አረቄ ወይም ድራፍት፣ ማታ ያቀለለ መስሎ ጠዋት ያከብዳል። ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲሆን ደግሞ እንቅልፉ አደገኛ ይሆናል። ጫት በምርቃናው ሰዓት የሚያነቃቃ ይመስላል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል፣ በማግስቱ ድባቴውን አጥፎ ይመልሰዋል። መድኃኒቱ እየሠራ ይሁን አይሁን እናንተም ሐኪሙም መለየት ያቅታችኋል። በአንዴ መተው ካልቻላችሁ እየቀነሳችሁ መሆኑን ለሐኪሙ ንገሩ። ቡና ይጠጣል፤ እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ ግን ከሰዓት በኋላ ያለውን ተዉት።

ጸበል የሚሄዱ ወገኖቼ ይህን እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ። ጸበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ለሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱንና ጸበሉን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረው ነበር። የድባቴ መድኃኒት የሚወስድም ሰው እንዲሁ ነው። ለሱባኤ ስትሄዱ ለቀናቱ የሚበቃ እንክብል ያዙ። አንድ ሰው «ጣለው» ካላችሁ፣ የምትጥሉት እንክብል እንደሆነና የሚመለሰው ሕመሙ እንደሆነ አስቡ።

ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ እህቶች፣ መድኃኒቱን ከነፓኬቱ፣ የሐኪም ደብዳቤም ጨምራችሁ ያዙ። ዲያዚፓምና ትራማዶል በኤምሬቶች ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው። ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ሊያሳስር ይችላል። ለሰው ዕቃ አድርሱ ተብላችሁም ክኒን አትቀበሉ።

ሰባተኛ፦ ሲሻላችሁ

ሲሻላችሁ ቀጥሉ። ስሜታችሁ ከተመለሰ በኋላ ቢያንስ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት መውሰድ ይመከራል። የተሻላችሁት መድኃኒቱን ይዛችሁ ነው፤ ቶሎ ከተለቀቀ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። ድባቴ ሁለቴና ሦስቴ የተመላለሰበት ሰው ከዚያም ረዘም ላለ ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

ስምንተኛ፦ ማቆም

ጊዜውን ከሐኪማችሁ ጋር ምረጡ። ፈተና፣ ሐዘን፣ ፍቺ፣ ስደት ባለበት ወር አይሁን። የሚቆመው ደረጃ በደረጃ ነው። ለምሳሌ 100 ሚሊግራም ሰርትራሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙ ወደ 75፣ ወደ 50፣ ወደ 25 ሊያወርደው ይችላል፤ በየደረጃው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እየቆየ። ብዙ ዓመት የወሰደ ሰው ወራት ያስፈልገዋል። ፍሉኦክሴቲን ከሰውነት በራሱ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በዚህ በኩል ይቀላል። ካፕሱሉን ግን ከፍታችሁ ዱቄቱን በግምት አትክፈሉ።

እየቀነሳችሁ ሳለ ማዞር፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነዘረ ያለ ስሜት፣ እንግዳ ሕልም፣ ማቅለሽለሽ፣ በትንሹ መቆጣትና ማልቀስ ሊመጣ ይችላል። ይህ የመቋረጥ ምልክት ነው ወይስ ሕመሙ ተመለሰ? የሚለየው ጊዜው ነው። የመቋረጡ ምልክት በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ወደ ቀድሞው መጠን ሲመለሱም በቀናት ይተዋል። የሕመሙ መመለስ ግን ብዙ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ፣ ቀስ እያለ ነው። ሁለቱም ቢሆኑ ለሐኪሙ የሚነገሩ ናቸው። ከከበዳችሁ አንድ ደረጃ ተመልሳችሁ፣ ቆይታችሁ፣ እንደገና በዝግታ መሞከር ትችላላችሁ።

የመጨረሻዋን እንክብል ከወሰዳችሁ በኋላም ደብተሩን አትጣሉት። መጀመሪያ ገጾቹ ላይ ሕመሙ ሲጀምር ምን እንደቀደመ ይገኛል። አንዱ ጋ እንቅልፍ ነው፣ አንዱ ጋ ምግብ፣ አንዱ ጋ ስልክ አለማንሣት። የእናንተን ምልክት ለዚያ ለመረጣችሁት ሰውም አሳዩት። ከተመለሰና ሁለት ሳምንት ከቆየ ቀጠሮ ያዙ። ያኔ የሠራላችሁን መድኃኒት ስምና መጠን ለሐኪሙ ከዚያው ደብተር አንብቡለት።